ዘጠኝ ፊደል፣ ሁለት ቀለም

ከመገናኛ ወደ አያት የሚወጣ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሲኤምሲ፣ ሲኤምሲ ሚካኤል!» እያለ የሚጣራው ረዳት የሦስት እንግሊዝኛ ፊደላትን ስም በተከታታይ እየጠራ ነው። ስሙ ግን ከእንግሊዝ አልመጣም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በአካባቢው ቤቶች ከሠራው የጣልያን ሥራ ተቋራጭ ነው። ድርጅቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 በራቬና ከተማ የተቋቋመ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ ሦስቱ ፊደላት የረጅም ስሙ ማሳጠሪያ ናቸው። የራቬና ሰው እነዚያኑ ሦስት ፊደላት ሲያነብ «ቺ ኤሜ ቺ» ይላል። አፉ አራት ጊዜ ይከፈታል፦ ቺ፣ ኤም፣ ሜ፣ ቺ። የእኛ ረዳት በሦስት ይጨርሰዋል፦ ሲ፣ ኤም፣ ሲ። ወረቀት ላይ ስናሰፍረው ደግሞ አራት ፊደል እንጽፋለን። ስሙ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ አንድ ነገር ጎድሎበታል፤ የጎደለው ግን ከጽሑፉ ላይ አይታይም።

ያ የጎደለው ነገር የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው። አፍ በአናባቢ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣውን የድምፅ ቁራጭ የሰዋስው መጻሕፍት ክፍለ ቃል፣ የግጥም ሰዎች ቀለም ይሉታል። እዚህ «ቀለም» የሚለውን ይዘን እንጓዛለን፤ ምክንያቱም አማርኛ ተናጋሪ ቀለም መቁጠርን የሚያውቀው ከግጥም ነው። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ተከፍሎ በ12 ቀለም ይሞላል። ግጥም ደርዳሪው ይህን ሲለካ ፊደል በጣቱ እየነካ አይቆጥርም። አንዲት ቀለም ብትጎድል ወይም ብትተርፍ ጆሮው ይነግረዋል። ፊደል ያልቆጠሩ አዝማሪዎችና አልቃሾች ልኩን ሳይስቱ የሚያወርዱትም ስለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ስም ፊት ስንቆም ግን ይህን የጆሮ ዕውቀት ትተን በዓይን እንቆጥራለን። ወደዚህ የሚገፋን የገዛ ፊደላችን ነው። የግእዝ ፊደል ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣብቆ የያዘ በመሆኑ አንድ ፊደል አንድ ቀለም ይመስለናል። በ«ከበደ» ይሠራል፤ ሦስት ፊደል፣ ሦስት ቀለም። ሳድስ ሲመጣ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። «ልብስ» እና «ክፍል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሁለቱም ሦስት ፊደላት ናቸው፤ ሦስቱም ሳድስ ናቸው። አሁን እጅዎን አገጭዎ ሥር አድርገው ጮክ ብለው ይበሏቸው። «ልብስ» ሲሉ አገጭዎ አንድ ጊዜ ብቻ ይወርዳል፤ ብ እና ስ ያለ አናባቢ ተከታትለው ይዘጋሉ። «ክፍል» ሲሉ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ክ፣ ከዚያ ፍል። በዓይን ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቃላት አንዱ አንድ ቀለም፣ ሌላው ሁለት ቀለም ሆኑ። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አጭር አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዳንድ ጊዜ አይኖረውም፤ ጽሑፉ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። በቋንቋው ያደገ ሰው ስለሚያውቀው ችግሩን አያየውም። በዚሁ ፊደል የባዕድ ስም ሲጽፍ ግን ችግሩ አብሮት ይጓዛል።

እንግዲህ ወደ እንግሊዞቹ። ሌስተር ሲቲ በ2015/16 የውድድር ዘመን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሣ የክለቡ ስም በአዲስ አበባ ካፌዎችና የኳስ ማሳያ ቤቶች ሁሉ ይጠራ ነበር፤ የጠራው ሁሉ ደግሞ በትክክል ጠራው። ሌስ፣ ተር። ሁለት ቀለም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ዘጠኝ ፊደላት አሉት፤ እንደ ጽሑፉ ቢነበብ «ሌይሴስተር» የሚል ነገር ይወጣው ነበር። ኢትዮጵያዊው ኳስ አፍቃሪ እዚያ ስህተት ውስጥ ያልወደቀው ስሙን ከማየቱ በፊት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስለሰማው ነው። ኳስ ያላስተዋወቀንን ዘመዱን እንየው፤ ዉስተር የምትባለው ከተማ። እሷም በዘጠኝ ፊደላት ትጻፋለች፤ እሷም ሁለት ቀለም ናት። በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ በስሟ የሚሸጥ ጥቁር ሶስ አለ፤ ጠርሙሱን አንሥቶ የሚያነበው ሰው ግን «ዎርሴስተር» ይላል። ከሌስተር ጋር አንድ ዓይነት መጨረሻ እንዳላት የነገረው የለም። ግሎስተርም እንዲሁ ናት፤ አሥር ፊደል፣ ሁለት ቀለም።

የሦስቱም መጨረሻ ሮማውያን ጥለውት የሄዱት የጦር ሰፈር ስም ነው፤ ቃሉ ከላቲን ወደ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ገብቶ በከተሞች ስም ላይ ተጣብቆ ቀረ። በማንቸስተር ላይ ይኸው ቃል ሳይዋጥ በደህና ይሰማል፦ ማን፣ ቸስ፣ ተር። ታዲያ በሦስቱ ላይ ለምን ተዋጠ? መልሱ እንግሊዝኛ ጫናን በሚያከፋፍልበት መንገድ ላይ ነው። እንግሊዛዊ ከቃሉ ውስጥ አንዱን ቀለም መርጦ በኃይል ይጠራዋል፤ የተቀሩትን እየሮጠ ያልፋቸዋል። በኃይል ያልተጠራው ቀለም በመቶ ዓመታት ውስጥ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ያጥራል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። በሌስተርና በዉስተር ሁለት «ስ» ድምፆች በአንዲት ደካማ አናባቢ ብቻ ተለያይተው ይቀራረቡ ስለነበር አናባቢዋ ስትጠፋ አንድ ሆኑ። አማርኛ ግን ጫናን ለቀለማቱ ተቀራራቢ አድርጎ የሚያድል ቋንቋ ነው፤ «ተመልከት» ስንል ሦስቱንም በእኩል እንጠራለን። ስለዚህ የእንግሊዝን ስም ስናነብ ለእያንዳንዱ ፊደል ድርሻውን ልንሰጥ እንሞክራለን። ቅንነት ነው፤ ግን ስሙን ያበላሸዋል።

መዋጥን ግን እኛም እናውቀዋለን። የከተማችን ስም በጽሑፍ ስድስት ፊደል፣ በጥንቃቄ ሲነገር አምስት ቀለም ነው፦ አድ፣ ዲስ፣ አ፣ በ፣ ባ፤ ድ ስለሚጠብቅ ሁለቱ ቀለማት ተካፍለውታል። ሚኒባስ ውስጥ ግን ማንም እንዲህ አይልም። «አዲሳባ» ነው፤ አራት ቀለም። የ«አዲስ» ስ ከ«አበባ» አ ጋር ተጣበቀ፤ በ ደግሞ ከነድምፁ ጠፋ። የአማርኛ ተማሪ የሆነ የውጭ ሰው ካርታ ላይ ያየውን ስም ይዞ ሲመጣና «አዲሳባ» ሲባል ሲሰማ፣ እኛ ዉስተር ላይ የሚሰማንን ግራ መጋባት ይሰማዋል። የከተማዋን ስም የሚያሳጥሩት በብዛት የሚጠሩት ናቸው። እንግሊዝም ውስጥ በጣም የተዋጡት ስሞች በነዋሪያቸው ዕለት ተዕለት የሚጠሩ የከተማና የቤተሰብ ስሞች ናቸው። በ12 ፊደላት የሚጻፍ «ቻምሊ» የሚባል የቤተሰብ ስም አለ፤ በ17 ፊደላት ተጽፎ «ፋንሾ» ተብሎ የሚነበብም አለ። ሁለቱም ሁለት ሁለት ቀለም ብቻ ናቸው።

ድምፁ ሲያልቅ ጽሑፉ ለምን አብሮ አላለቀም? ዊልያም ካክስተን በ1476 የመጀመሪያውን ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ሲያስገባ የቋንቋው አናባቢዎች ታላቅ ለውጥ ላይ ነበሩ፤ ለውጡ ከ1400 ገደማ ጀምሮ እስከ 1700 ገደማ ዘልቋል። አታሚዎቹ አጻጻፉን ሲያጸኑት አነጋገሩ ገና እየሄደ ነበር። ስለዚህ የዛሬው እንግሊዝኛ ጽሑፍ በብዛት የሚያሳየው የቀድሞ አያቶችን አነባበብ ነው። ይህን ጉዳይ እንደ እንግሊዞች ግትርነት የሚቆጥር አንባቢ ካለ «ንጉሥ» እና «ኃይል» የሚሉትን ቃላት እንዴት እንደሚጽፍ ያስብ። ሠ እና ሰ፣ ኀ እና ሐ እና ሀ፣ ፀ እና ጸ ዛሬ በአማርኛ አፍ አይለዩም። ሆኖም ሥላሴን በ«ሰ» የጻፈ ሰው ዓይናችንን ይወጋናል። ፊደል የሚጠብቀው ድምፅን ብቻ አይደለም፤ የቃሉን ትውልድም ይጠብቃል። በዚህ እኔ ከፊደሉ ጎን ነኝ። ያ ማለት ግን ፊደሉን አይቶ ስም መጥራት ይቻላል ማለት አይደለም።

በስፖርት ዜናችን ውስጥ ጆሮና ዓይን ሲታገሉ በግልጽ ይታያል። ቶተንሃም እንላለን፤ ሦስት ቀለም፣ «ሃ» በደንብ ተከፍቶ። የለንደን ሰው «ሃ»ን አይጠራትም፤ «ቶትነም» ብሎ በሁለት ይጨርሰዋል። ኖርዊች እንላለን፤ ባለቤቶቹ «ኖሪች» ይላሉ። በጂኦግራፊ ትምህርት የተማርነው ግሪንዊች፣ አዲስ አበባ በሰዓት አቆጣጠር በ3 ሰዓት የምትቀድመው ያ ስፍራ፣ በነዋሪዎቹ አፍ «ግሬኒች» ነው። በሁለቱም ላይ «ደብሊው» የምትባለው ፊደል ተጽፋ ትቀራለች እንጂ አትነበብም። ደንብ አገኘሁ ብሎ ኢፕስዊችን «ኢፕሲች» ያለ ሰው ግን ይሳሳታል፤ እዚያ ፊደሏ ትሰማለች። ሳይረንሴስተር የምትባል ከተማም አለች፤ መጨረሻዋ ከሌስተር ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ምንም ሳይዋጥ በአራት ቀለም ትጠራለች። ደንቡ ጥሩ ግምት ይሰጣል። የመጨረሻውን ቃል ግን የሚናገረው የከተማው ሰው ነው።

ከዚህ የሚከብደው ስሙ እንግሊዝኛ መስሎ እንግሊዝኛ ሳይሆን ሲቀር ነው። እንበል፣ ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ እንዲቀበል ሹፌሩን ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ ላከው። የእንግዳዋ ስም በትልቁ የታተመበት ወረቀት ተሰጥቶታል፦ ኤስ፣ አይ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤን። ሹፌሩ እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጎ ይችላል። «ሲዮብሃን» ብሎ አነበበው፤ ሦስት ቀለም። ሻንጣቸውን እየገፉ ከሚወጡት መካከል «ሚስ ሲዮብሃን!» እያለ ሲጣራ ባለቤቲቱ በአጠገቡ ታልፋለች፤ ስሟ ሺቮን ስለሆነ የተጠራችው እሷ አልመሰላትም። ሺ፣ ቮን። ስሙ የአየርላንድ ነው፤ የተጻፈውም በአይሪሽ ቋንቋ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ «ኤስ» ከ«አይ» ወይም ከ«ኢ» ፊት ስትመጣ «ሽ» ትሆናለች፤ «ቢ» እና «ኤች» ሲጣመሩ «ቭ» ይሆናሉ። ሕጉን ለሚያውቅ ሰው ስሙ ምንም እንግዳ ነገር የለውም። ሾን የሚለው የወንድ ስምም በዚሁ መንገድ ነው የተጻፈው። ሾን ቢን የሚባል እንግሊዛዊ ተዋናይ አለ፤ በስሙና በአባቱ ስም መካከል ያሉት ሁለት አናባቢ ፊደላት አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን በአይሪሽ፣ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ይነበባል።

ይህ ዘር ቆጠራ ወደ ቤታችንም ይመጣል። ሾን የጆን አይሪሽ አቻ ነው፤ ሺቮን ደግሞ የሴቷ። ጆን ማለት ዮሐንስ ነው። ከአንድ ምንጭ የወጣ ስም በአየርላንድ አንድ ቀለም፣ በጎንደር ሦስት ቀለም ሆኖ ተቀመጠ፦ ዮ፣ ሐን፣ ንስ። እርግጠኛ ካልሆኑ አገጭዎን ይጠይቁ።

አሁን ደግሞ የእኛ አፍ በእንግሊዝ ስም ላይ የሚያደርገውን እንይ፤ እነሱ ሲውጡ እኛ እንጨምራለንና። የእንግሊዙን ንጉሥ ቻርልስን የአገሩ ሰው በአንድ ቀለም ይጠራዋል፤ አፉን አንዴ ከፍቶ ከመጨረሻዎቹ ድምፆች ጋር ይዘጋዋል። አማርኛ ሦስት ተነባቢዎችን ያለ አናባቢ ማስከተል ብዙ ጊዜ አይወድም፤ ስለዚህ በ«ል» እና በ«ስ» መካከል አጭር አናባቢ ይሰነቅራል። ቻር፣ ልስ፤ ሁለት ቀለም። ስሚዝም በእንግሊዝኛ አንድ ነው፤ በእኛ አፍ ሁለት፤ ቃል በሁለት ተነባቢ መጀመር ስለሚከብደን። ይህ ነውር የለበትም፤ የየትኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ባዕድ ስምን በገዛ አፉ ልክ ይሰፋዋል። ቸርችል ጎዳና ይህን ያህል ዘመን የኖረው በአዲስ አበባ ሰው አፍ ተሰፍቶ ነው። ሳንፎርድ ትምህርት ቤትም እንዲሁ፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፉ መካከል ያለችውን «ዲ» አማርኛ ተዋት፤ በእንግሊዞችም አፍ ብዙ ጊዜ ትዋጣለች።

ከእነዚህ ሁሉ ፊደል ለመቁጠር የሚያጓጓው ስም ፓንክረስት ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት ለኢትዮጵያ ነጻነት በብዕሯ የታገለች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 አዲስ አበባ ውስጥ አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረች እንግሊዛዊት ናት፤ ልጇ ሪቻርድ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበር። የቤተሰቡን ስም በፊደላችን ስንጽፈው ስድስት ፊደል ይሆናል፤ ከስድስቱ አራቱ ሳድስ ናቸው። ሲነገር ግን ሁለት ቀለም ብቻ ነው፦ ፓንክ፣ ረስት። አራቱም ሳድሳን አናባቢ አጥተው ከጎረቤታቸው ላይ ተደግፈዋል። የእንግሊዙ መጠሪያም ሁለት ቀለም ነው፤ በመካከሉ የምትሰማውን «ህ» ብቻ አማርኛ አስቀርቷታል። ድምፁ ትንሽ ተለውጦ ልኩ ሳይለወጥ የተሻገረ ስም ነው፤ ለእኔ ከመልካም ዝውውሮች አንዱ ይህ ነው።

የስም ነገር በመጨረሻ የሚወሰነው በባለቤቱ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሆኪንግ እና የቅርጫት ኳሱ ካሪ የሚጠሩበት ስም በአንድ ዓይነት ፊደላት ይጻፋል። የመጀመሪያው ስቲቨን ነው፤ ሁለተኛው ስቴፈን። መዝገበ ቃላት ይህን አይፈታውም፤ ደንብም አይፈታውም። ወላጆቻቸው እንዲህ ጠሯቸው፤ እነሱም እንዲህ ተቀበሉት። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ከባለቤቱ አፍ ሳይሰማ በሌላ አገር ፊደል ብቻ የሄደ ስም ምን እንደሚገጥመው ከራሳችን ሰዎች መማር ይቻላል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ስሙ በላቲን ፊደል በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። የእንግሊዝኛ አንባቢ በቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኢ» ፊደል እንዳላየ ማለፍ ልማዱ ነው፤ በዚያ ልማድ «አበበ» ሦስተኛ ቀለሙን ያጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴና በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ኃይሌ ደግሞ የመጀመሪያ ስማቸው በላቲን አንድ ዓይነት ይጻፋል። ለ እና ሌ ለእኛ ግልጽ ልዩነት አላቸው፤ በዚያ ጽሑፍ ግን አይታዩም። ሁለቱን የሚለየው የሰማ ሰው ብቻ ነው። ዉስተርን «ዎርሴስተር» የሚለው አዲስ አበቤና ኃይሌን በአንድ ቀለም የሚጠራው እንግሊዛዊ አንድ ዓይነት ሰው ናቸው፤ ሁለቱም በቅንነት ያዩትን ነው ያነበቡት።

ስለዚህ እንግዳ ስም ሲገጥምዎ መጀመሪያ የትኛው ቋንቋ እንደጻፈው ይገምቱ። ቀጥሎ በኃይል የሚጠራው ቀለም የቱ እንደሆነ ያፈላልጉ፤ እሱ ከተገኘ የተቀሩት ራሳቸው ይሳሳሉ። ከዚያ ጮክ ብለው ብለውት አገጭዎን ይቁጠሩ፤ ፊደሉን አይቁጠሩ። በፊደላችን ሲጽፉት ድምፅ የማያስፈልገውን ፊደል አይጨምሩበት፤ ሌስተር በአራት ፊደል ተጽፎ ልኩን ሳይስት እየኖረ ነው። የሚጠብቀውን ፊደል አንዳንድ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከላዩ ሁለት ነጥብ በማድረግ ያሳዩ ነበር፤ ለባዕድ ስም ይህ ልማድ ቢመለስ እወዳለሁ።

የእንግዳ ዝርዝር ለምታዘጋጁ ጸሐፊዎች፣ የተማሪ ስም ለምትጠሩ መምህራን፣ ዜና ለምታነቡ ጋዜጠኞች አንድ ልመና አለኝ። በቅጻችሁ ላይ ከስሙ አጠገብ አንዲት ጠባብ ዓምድ ጨምሩ፤ በውስጧም ባለቤቱን ጠይቃችሁ ስሙ እንዴት እንደሚጠራ በግእዝ ፊደል ጻፉባት። ወደ ቦሌ የሚላከው ሹፌር «ሺቮን» የሚል ሁለት ቀለም ተጽፎለት ቢሄድ እንግዳዋ በመጀመሪያው ጥሪ ዞር ትልለታለች።